«ማን ሞቶባት ነው?»፦ ስለ አንዲት ልጅ ስሜቶች የተሠራ ፊልም ደሴ ላይ ሲታይ

ባለፈው ክረምት እኅቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከኮምቦልቻ መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። የደሴ ክረምት ልጅን ከቤት አያስወጣም፤ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ቀኑን ሙሉ ከዐይን ይሰወራል፤ ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የሚውሉ ልጆች እዚህ ሲደርሱ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለው «መቼ ነው የምንመለሰው?» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ ቀን ላፕቶፔን ከፍቼ «ኢንሳይድ አውት» የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም አሳየኋቸው። የጎረቤታችን የእማማ የልጅ ልጅም አብራቸው ተቀመጠች፤ እማማ ራሳቸው ቡና ሊጠጡ መጥተው ስለነበር ከኋላ ሆነው ያዩ ነበር። ፊልሙ እንግሊዝኛ በመሆኑ ንግግሩን እየተከታተልኩ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ሰማያዊ መልክ ያላት፣ መነጽር ያደረገችና ትከሻዋ የወረደ ገጸ ባሕርይ ብቅ ስትል «ይቺ ደግሞ ሐዘን ናት» አልኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት የእኅቴ ልጅ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ማን ሞቶባት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄው ለጊዜው ሁላችንንም አሳቀን፤ ኋላ ላይ ግን ይህ ፊልም ለእኛ ልጆችና ለእኛ ለወላጆች ምን ይላል ብዬ ባሰብኩ ቁጥር ወደዚያችው ጥያቄ ተመለስኩ።

ፊልሙን ላላየ አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ የበቃው ይህ ፊልም፣ ራይሊ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ ከወላጆቿ ጋር ከሚኒሶታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ስትዛወር የሚደርስባትን ይተርካል። አብዛኛው ታሪክ የሚካሄደው ግን ልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። በዚያ ደስታ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ንዴትና መጸየፍ አምስት ሰዎች ሆነው በአንድ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ዙሪያ ይቆማሉ፤ ልጅቷ ምን እንደምትናገር፣ መቼ እንደምትስቅና መቼ እንደምታኮርፍ የሚወስኑት እነሱ ቁልፍ እየተጫኑ ነው። እያንዳንዱ ትዝታ የሚያበራ ኳስ ሆኖ ይቀመጣል፤ የኳሱ ቀለም ደግሞ ትዝታው ከየትኛው ስሜት እንደተወለደ ያሳያል። የቤቱ አለቃ ደስታ ናት። ሐዘን ግን ምን እንደምትሠራ ለማንም ግልጽ ስላልሆነ፣ ደስታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ሠርታ «ከዚህ እንዳትወጪ» እስከማለት ትደርሳለች። ዳይሬክተሩ ፒት ዶክተር ሐሳቡን ያገኘው፣ ተጫዋች የነበረችው የገዛ ልጁ ዕድሜዋ 11 ገደማ ሲሆን ዝምተኛ እየሆነች መምጣቷን ተመልክቶ ነው። ፊልሙ ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ በአኒሜሽን ዘርፍ የኦስካር ሽልማትም አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አግኝቶ የዚያ ዓመት ቀዳሚ ፊልም ሆኗል።

ቤት የመቀየሩን ነገር ለእነዚህ ልጆች ማስረዳት አላስፈለገኝም። እኅቴና ባለቤቷ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የተዛወሩት ከሁለት ዓመት በፊት በሥራ ምክንያት ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያኔ ሁላችንም ልጆቹን «ኮምቦልቻ እኮ ቅርብ ነው» እያልን አጽናናን፤ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቁልቁለቱን መውረድ ነው ብለን ነገሩን ዘጋነው። በፊልሙ ውስጥ የራይሊ ቤተሰብ ዕቃ የጫነው መኪና ሳይደርስ ቀርቶ ልጅቷ ባዶ ክፍል ውስጥ ስታድር፣ የእኅቴ ልጅ ቀስ ብላ «የእኛም ፍራሽ ማታ ነው የደረሰው» አለች። እናቷ ዘወር ብላ አየቻት። ስለዚያ ማታ ልጅቷ ቃል ስትተነፍስ የመጀመሪያዋ መሆኑን ኋላ ነገረችኝ።

«ማን ሞቶባት ነው?» ያሰኛት የእኔ ትርጉም ነው። በአማርኛ «ሐዘን» ከባድ ቃል ነው፤ ድንኳን፣ ጥቁር ልብስና የተዘቀዘቀ ነጠላ አብረውት ይመጣሉ። መጫወቻ የተሰበረባትን ልጅ «አዘነች» ልንል እንችላለን፤ «ሐዘን ላይ ናት» ግን አንልም። ለልጅ የዕለት ተዕለት ስሜት ያለን ቃል ሌላ ነው፦ ከፋት፣ ቅር አላት፣ ሆዷ ባሰ እንላለን። ስለዚህ የሰማያዊዋን ስም ወደ «ሆደ ባሻ» ለወጥኩት፤ ሆደ ባሻ የምትባል ልጅ በየሰፈሩ ስላለች ወዲያው ገባቸው። መጸየፍንም እንዲሁ «አስጠላኝ» ብያት ተገላገልኩ። ይህች አረንጓዴ ገጸ ባሕርይ መልኳን ያገኘችው ከብሮኮሊ ነው፤ ራይሊ ሕፃን ሳለች ፊቷን ያዞረችበት ምግብም እሱው ነው። የጃፓን ልጆች ብሮኮሊን ስለማይጠሉት ፊልም ሠሪዎቹ ለጃፓን ባቀረቡት ቅጂ በአረንጓዴ ቃሪያ ለውጠውታል። ለደሴ ቢሆን ኖሮ በኩባያ የቀረበ አብሽ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ በጠዋት በባዶ ሆዱ አብሽ የተጋተ ሰው ሁሉ የሚስማማኝ ይመስለኛል።

አማርኛ አንዳንድ ስሜቶችን ሰው የሚሠራቸው አድርጎ አይናገርም። «ደስ አለኝ»፣ «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ሰለቸኝ»፣ «ናፈቀኝ» ስንል የአረፍተ ነገሩ ባለቤት እኛ አይደለንም፤ እኛ ተቀባዮች ነን። «ፈራሁ»፣ «ተናደድኩ»፣ «ቀናሁ»፣ «አፈርኩ» ስንል ግን ድርጊቱ የራሳችን ይሆናል፤ ወቀሳውም እንዲሁ። ልጅን «ምን ከፋሽ?» ብለን ስንጠይቅ ድምፃችን ይለሰልሳል፤ «ለምን ተናደድሽ?» የሚለው ግን ጥያቄ መስሎ የሚመጣ ቁጣ ነው። ፊልሙ ይህን ልዩነት አያውቀውም። በእሱ ዓለም ሁሉም ስሜቶች እኩል ሠራተኞች ናቸው፤ ንዴትም ቢሆን ፍትሕ ሲጓደል የሚቆጣ፣ የራሱ ሥራ ያለው ሰው ነው። ልጄ ሲናደድ ጥፋት እየሠራ ነው ብሎ ለሚያስብ ወላጅ ይህ አዲስ ነገር ነው፤ ከፊልሙ ትምህርቶች ሁሉ እኛ ዘንድ ለመግባት የሚከብደውም ይኸኛው ይመስለኛል።

ፊልሙ ሲሠራ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት አማክረዋል፤ አንዱ የፊት ገጽታን በማጥናት የታወቀው ፖል ኤክማን፣ ሌላው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሚያስተምረው ዳከር ኬልትነር ነው። ኤክማን መሠረታዊ ካላቸው ስድስት ስሜቶች መካከል መገረም ከፍርሃት ጋር ስለተቀራረበ ለታሪኩ ሲባል ቀርቷል። ከዚህ አመለካከት የሚለዩም አሉ። ሊሳ ፌልድማን ባሬት የተባለችው ተመራማሪ እንደምትለው፣ ስሜቶች ከልደት ጀምሮ ተለይተው የተቀመጡ አይደሉም፤ አንጎል ከአካል የሚመጡለትን ምልክቶች ከባህልና ከቋንቋ በቀሰመው ዕውቀት እየተረጎመ ይገነባቸዋል። እኔ የሥነ ልቦና ሰው ባልሆንም «ማን ሞቶባት ነው?» ያለችው ልጅ ለባሬት የምትመሰክር ይመስለኛል። ትዝታን በመደርደሪያ ላይ እንደተደረደረ ኳስ ማሳየቱም ከሳይንሱ ይርቃል፤ ትዝታ ባስታወስነው ቁጥር እንደገና የሚሠራ ነገር ነውና። ፊልሙ ግን ይህን ጉድለት በራሱ መንገድ ያቃናዋል፦ ሆደ ባሻ ቢጫውን የደስታ ኳስ ስትነካው ኳሱ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ያ አስደሳች ቀን አልተለወጠም፤ ተመልሶ የማይመጣ መሆኑ ግን አሁን ታውቋል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ሲሰማ ላደገ የወሎ ሰው ይህን ማብራራት ትርፍ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች የአንደኛው ስም ራሱ ያንኑ የቀለም ለውጥ ይናገራል።

የፊልሙ እምብርት አንድ አጭር ትዕይንት ነው። ደስታና ሆደ ባሻ ከዋናው ክፍል ጠፍተው ሲንከራተቱ፣ ራይሊ በሕፃንነቷ በሐሳቧ የፈጠረችው ቢንግ ቦንግ የተባለ ጓደኛዋ ያገኛቸዋል። ቢንግ ቦንግ ከራይሊ ጋር የተጫወተባትን ሠረገላ እንደ ቆሻሻ ገፍተው ወደ ገደል ሲጥሉበት ቁጭ ብሎ ይቀራል። ደስታ ልታስቀው ትሞክራለች፤ ትኮረኩረዋለች፤ ፊቷን ታጣምማለች፤ ጨዋታ ትፈጥራለች። እሱ አይነሣም። ሆደ ባሻ ግን አጠገቡ ተቀምጣ የሚወደውን ነገር ስለወሰዱበት ማዘኗን ብቻ ትነግረዋለች፤ እያወራ ያለቅሳል፤ አልቅሶ ሲጨርስ «አሁን ይሻለኛል» ብሎ ይነሣና መንገዱን ይመራቸዋል። እማማ እስከዚያ ድረስ ከፊልሙ ይልቅ ሲኒው ላይ ነበሩ። እዚህ ሲደርስ ግን በጣታቸው ወደ ሰማያዊዋ አመለከቱና «ለቅሶ መድረስ የምታውቅ እሷ ናት» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ትንታኔ እኔ አልጽፍም። በደሴና በአካባቢዋ ሰው ሲሞት ቅሬው (የወሎ ዕድር) ድንኳን ይተክላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ የመጣው ሰው ብዙ አይናገርም። «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ይቀመጣል ብቻ። ሐዘንተኛውን ለማሳቅ የሚጣደፍ ሰው እንደ ነውረኛ ይታያል። ፊልም ሠሪዎቹ በመጀመሪያ ከደስታ ጋር ለመንገድ ያጣመሩት ፍርሃትን ነበር፤ ሥራው ብዙ ከገፋ በኋላ ነው የጎደለው ሐዘን መሆኑን ተረድተው ታሪኩን እንደገና የጻፉት። እነሱ በስንት ዓመት ድካም የደረሱበትን ነገር የእኛ ቅሬ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ችግሩ ድንኳኑ ለአዋቂ ብቻ መተከሉ ነው። ልጆችን «ወደ ጓሮ ሂዱ» እንላለን፤ አባት ለሞተበት ልጅ «ሩቅ አገር ሄዷል» እንላለን፤ ጓደኞቿን ትታ ለሄደች ልጅ «ቅርብ ነው እኮ» እንላለን።

የእማማ የልጅ ልጅ እናት ሪያድ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። ከወሎ ወደ አረብ አገር ሰው ያልሄደበት ቤት ማግኘት ስለሚከብድ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእነሱ ቤት ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ዓርብ ዓርብ እኛ ቤት መጥተው በእኛ ዋይፋይ በኢሞ ይደዋወላሉ። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ትይዛለች፤ እማማ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ስልኩ ከመነሣቱ በፊት የሚሏትን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እንዳታለቅሺ፤ እናትሽ በሰው አገር ናት፤ ሆዷ ይብሳል።» ከዚያ ልጅቷ ደኅና መሆኗን፣ ሦስተኛ መውጣቷን፣ የተላከላት ጫማ ልክ መሆኑን ትናገራለች። ጫማው ልክ አልሆነላትም፤ ጥጥ ጠቅጥቃ ነው የምታደርገው።

ፊልሙ ውስጥ የራይሊ እናት ያንኑ ቃል ትናገራለች። ማታ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ አባቷ በሥራው ስለተጨነቀ ሁለታችንም ፈገግ ብንል ትልቅ እገዛ ይሆንለታል ትላታለች፤ ሁልጊዜ ደስተኛ ልጅ በመሆኗም ታመሰግናታለች። ክፋት የለባትም፤ እማማም ክፋት የለባቸውም። ልጅቷ ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መከፋት የማይፈቀድላት ሰው ትሆናለች፤ በጠመኔ የተሠራውን ክብ አሁን የሠራው ቤተሰቡ ነው። ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ወላጆች ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው። ሆደ ባሻ ከመቆጣጠሪያው ስትርቅ ደስታም አብራት ትጠፋለች፤ ሰሌዳው ላይ የሚቀሩት ንዴት፣ ፍርሃትና መጸየፍ ናቸው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ልጅቷ አመሏ የተበላሸ ትመስላለች፦ በምግብ ሰዓት ትመናጨቃለች፤ አባቷ ላይ ትጮኻለች፤ ከጓደኛዋ ጋር ትጣላለች፤ ከእናቷ ቦርሳ ካርድ ትሰርቃለች። አባቷ ወደ ክፍልሽ ሂጂ ብሎ ይቀጣታል። በመጨረሻ ሰሌዳው ራሱ አመድ መስሎ ይደነዝዛል፤ ንዴት እንኳ ቢጫነው አይሠራም። የተከፋ ልጅ ሁልጊዜ እያለቀሰ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ባለጌ ሆኖ፣ ከዚያም ዝም ብሎ ነው። መምህራን «ይሄ ልጅ ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉት ልጅ ብዙውን ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ያለ ልጅ ነው።

ይህን ስጽፍ የ2014ን ዓመት መዝለል አልችልም። በ2013 ክረምትና በአዲሱ ዓመት መግቢያ ከቆቦና ከወልድያ በኩል የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ደሴ መጥተው በትምህርት ቤቶች ሲጠለሉ፣ የከተማዋ ልጆች የመማሪያ ክፍላቸው የሌላ ልጅ መኝታ ሲሆን አይተዋል። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በሕወሓት ኃይሎች ሲያዙ፣ ሲያስጠልል የነበረው ቤተሰብ በተራው ሸሸ፤ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት በኅዳር ማብቂያ ነበር። ሰው ሲመለስ የጠፋበትን ዕቃ ቆጠረ፤ ነፍሱ ስለተረፈች «ተመስገን» አለ። ተመስገን ማለቱ ትክክል ነው። ልጆቹ ግን «ተመስገን» በተባለበት ቤት ውስጥ «ከፋኝ» ለማለት ቦታ አላገኙም። ያኔ ሰባት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ የራይሊን ዕድሜ ይዟል ወይም አልፏል። እንቅልፍ የሚያጣ፣ በሩ ሲመታ የሚበረግግ ወይም ትልቅ ልጅ ሆኖ አልጋ የሚያርስ ልጅ የሚያስፈልገው የጤና ባለሙያ ነው፤ ፊልም እሱን አያክምም። ፊልሙ ሊያደርግ የሚችለው ልጁ በራሱ ላይ የደረሰውን ነገር በጣቱ የሚያመለክትበት ሥዕል መስጠት ነው። የፍራሹን ወሬ ያወጣችው ያቺው ሥዕል ናት።

ፊልሙ የማያየው ነገርም አለ። የራይሊ ቤት ሁለት ወላጅና አንድ ልጅ ያሉበት፣ ልጅቷ በሯን ዘግታ የምታለቅስበት የራሷ ክፍል ያላት ቤት ነው፤ ስሜቷም በጭንቅላቷ ውስጥ ተቆልፎ የሷ ብቻ ይሆናል። በእኛ ቤት አንዱ ሲከፋው ዘጠኙ ያውቃል፤ ስሜት ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ይውላል፤ አያቱን ያኮረፈውን ልጅ አክስት ታባብለዋለች። ይህ በረከት ነው፤ ብቻውን መሆን የፈለገ ልጅ መሄጃ የሌለው መሆኑ ደግሞ ጣጣው ነው። ሌላው የፊልሙ ዓለም ሰላም ያለበት መሆኑ ነው። በሁለተኛው ክፍል ራይሊ 13 ዓመት ይሞላታል፤ ጭንቀት፣ ቅናት፣ ኀፍረትና መሰልቸት አዲስ ገብተው ቤቱን ያተራምሳሉ። ጭንቀት ነገ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ እያሣለች ልጅቷን እንቅልፍ ትነሣታለች፤ ፊልሙም ያ ሁሉ ሥዕል የተጋነነ መሆኑን ያሳየናል። ራይሊ የምትጨነቀው የሆኪ ቡድን ውስጥ ለመግባት ነው። በዚሁ ዕድሜ ያለ የእኛ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከፊቱ አለ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ትምህርት በብዙ ቦታ ስለተቋረጠ «ፈተናው ይኖር ይሆን? መንገዱ ይከፈት ይሆን?» ብሎ ሲያስብ ያጋነነው ነገር የለም። ለእንዲህ ያለው ልጅ «ጭንቀትን ከመቆጣጠሪያው አንሣት» የሚለው ምክር ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄድ፤ ስለዚህም በእኔ ግምት ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው ይልቅ ከእኛ ይርቃል። አንድ ነገሩን ግን ወደድኩለት፦ ትዝታ አሮጊት ሆና ብቅ ስትል፣ ጊዜሽ ገና ነው ብለው ይመልሷታል። የእኅቴ ልጅ ይህን ስታይ አልሳቀችም። እሷ ትዝታ አላት።

የመጀመሪያው ፊልም ሲያልቅ ራይሊ ወደ ሚኒሶታ ሊወስዳት ከተነሣው አውቶቡስ ወርዳ ቤቷ ትመለሳለች። ደስታ ሰሌዳውን ለሆደ ባሻ ትለቅላታለች፤ ልጅቷም ደስተኛ እንድትሆን እንደሚፈልጉ እንደምታውቅ፣ ግን የድሮው አገሯ እንደናፈቃት ለወላጆቿ ትነግራቸዋለች። አባቷ እሱም እንደናፈቀው ይነግራታል። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የሚወለደው ኳስ ቢጫም ሰማያዊም ነው። የእማማ የልጅ ልጅ እዚህ ጋ ጋቢውን ወደ ፊቷ ሳበችው፤ እማማ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

በሚቀጥለው ዓርብ እንደ ወትሮው መጡ። ስልኩ ሲጠራ ልጅቷ በሁለት እጇ ያዘችው። እማማ ግን ፊት ለፊቷ አልተቀመጡም፤ የተለመደውንም አላሏትም። «ቡናው እንዳይገነፍል ልየው» ብለው ተነሥተው ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ጀበናው ገና አልተጣደም ነበር።